አማቼን ያስለቀሰው ‹ኖ›

እንግሊዝኛን የፈጠረው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሴት ልጅ የዳረ ሰው እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ። ቢሆንማ ኖሮ መጠየቅንና እምቢ ማለትን እንዲህ አያወሳስባቸውም ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልጅህን ስጠን ተብሎ ሽማግሌ የመጣበት አባት ሌላ ምን ሥራ አለው? ይጠይቃል፣ እምቢ ይላል። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ እምቢ ይላል። እሺ የምትለው ቃል መጨረሻ ላይ ከምርቃቱ ጋር ነው የምትመጣው። እንግሊዝኛ ደግሞ እሺ ለሚል ሰው የዋህ ቋንቋ ነው፤ ለሚጠይቅና እምቢ ለሚል ግን በሩ ላይ ዘበኛ ያቆማል።

እኔ ከሆሳዕና ዱራሜ ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ። ሀዲይኛን ከእናቴ፣ አማርኛን ከአስተማሪዬ ማስመሪያ፣ ከምባትኛን ከተሳፋሪ ተምሬያለሁ። እንግሊዝኛ ደግሞ ከመኪናዬ ዕቃ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን እያልኩ ስኮራ ኖሬ፣ አንድ ቀን እነዚህ የጣሊያን ናቸው ተባልኩና ባዶ እጄን ቀረሁ። እንግዲህ በዚህ ባዶ እጅ ላይ ነው ነገሩ የመጣው።

ልጄ ምህረት ዱራሜ ነርስ ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ሆሳዕና ቤቷ ትመጣለች። አንድ እሑድ ከቸርች ስንመለስ ከእናቷ ጋር ጓዳ ገብተው በር ዘጉ። እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው በር ሲዘጉ ወይ የተሰበረ ዕቃ አለ፣ ወይ ሊሰበር የደረሰ አባት አለ። ባለቤቴ አማረች ብቻዋን ወጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

“ሽማግሌ ሊላክብህ ነው” አለችኝ።

“የማን ልጅ ነው?”

“የአቶ ኦቲዬኖ።”

“የትኛው ኦቲዬኖ? የሾኔው?”

“የኬንያው” አለች።

ሾኔ በኛው ዞን ያለች ከተማ ናት። ኬንያ ግን፣ ባላጋንን፣ ከዞናችን ወጣ ይላል። ልጁ ብራያን ይባላል፤ ዱራሜ አካባቢ የመጠጥ ውኃ የሚያስገባ ፕሮጀክት ላይ መሐንዲስ ነው። ሲነግሩኝ አወቅኩት። ያ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ከኋላ ወንበር ታጥፎ የሚቀመጠው ረጅም ልጅ። ስንት ጊዜ ሆሳዕና አምጥቼዋለሁ፤ ለሥራ ሳይሆን ቤት ስትመጣ ሊያያት ነበር ለካ የሚመላለሰው። ልጄን ሊወስድ የሚመጣውን ሰው በገዛ መኪናዬ ሳመላልሰው ኖሬአለሁ ማለት ነው። ደግሞ መንገድ ሲበላሽ መኪናዬን ከጭቃ ገፍቶ አውጥቶልኛል፤ ጥሩ ክንድ አለው።

አባቱ ልጁ የፈለጋትን ልጅ እንዳገሯ ወግ ለመጠየቅ ከኬንያ ድረስ እመጣለሁ ብለዋል። ይኼ ደስ አለኝ። ችግሩ እሳቸው አማርኛ አያውቁም፣ እኔ ደግሞ የሳቸውን እንግሊዝኛ አላውቅም። አስተርጓሚ ይቁም ተባለ። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ የምትኖር መምህርት አስቴር የምትባል የዱራሜ ልጅ አለች፤ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። እሷ ታስተርጉም አሉኝ። እኔ ግን ያኔ አንድ ነገር ተነሣብኝ።

“የልጄን ነገር በሰው አፍ አልጨርስም” አልኩ።

“በራስህ አፍስ ምን ልትል ነው?” አለች አማረች።

“እማራለሁ።”

አማረች ሳቋን ለመደበቅ የሌለ ወጥ ልታማስል ገባች።

ትምህርቱ የሚጀመረው ማታ ከሥራ ስገባ፣ በረንዳ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አስቴር “እስቲ ጋሼ፣ ጥያቄ ይጠይቁኝ” አለችኝ። እኔም ድምፄን ከመጨረሻው ከፍ አድርጌ ‹ዩ ላይክ ሽሮ?› አልኳት። አማርኛ በዚህ ይበቃዋል፤ ሽሮ ትወዳለህ ለማለትና ሽሮ ትወዳለህ ወይ ለማለት ልዩነቱ ቅንድብ ነው።

“ረዳት የለውም” አለችኝ።

“የምን ረዳት?”

“ረዳት ግስ። ከፊት ‹ዱ› ይግባ። ‹ዱ ዩ ላይክ ሽሮ›።”

“‹ዱ› ማለት ምን ማለት ነው?”

“እዚህ ጋ ምንም ማለት አይደለም።”

“ምንም ካልሆነ ለምን ይመጣል?”

“እሱ ካልመጣ ጥያቄው አይንቀሳቀስማ ጋሼ።”

ይኼን ስትለኝ ገባኝ። ረዳት የሚባለውን ፍጡር ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ሹፌር መሪውን ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ “ዱራሜ፣ ዱራሜ” የሚለው ረዳቱ ነው። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። ዋናው ግስ ተከብሮ ተቀምጦ፣ ‹ዱ› ከፊት ወጥቶ ይጮህለታል። እምቢታም ሲኖር “ሞልቷል” ብሎ የሚመልሰው ረዳቱ ነው፤ ‹ኖት› የምትባለዋ ከሱ ጋር ነው የምትንጠለጠለው። ተሳፋሪው ‹ሂ› ወይም ‹ሺ› ከሆነ ረዳቱ ‹ዳዝ› የሚባለውን ካፖርት ይለብሳል። ያለፈ ነገር ሲሆን ደግሞ ሻንጣውን ሁሉ እሱ ይሸከማል፤ ‹ዲድ› ይሆናል። ‹ዲድ ሂ ወንት› ስላት አስቴር እጇን ታነሣለች፤ ሻንጣው ረዳቱ ላይ ከተጫነ ሹፌሩ ለምን ይሸከማል ነው ነገሩ። ‹ኢዝ› የሚባለው ብቻ ነው ረዳት የማይቀጥር፤ እሱ እየነዳ ራሱ በመስኮት ይጮሃል። እንዲህ ዓይነት ሹፌር እኛም መናኸሪያ አለ፤ ስሙን አልናገርም።

አስቴር ይኼን አነጋገሬን ወዳ ክፍል ውስጥ ተጠቀመችበት። እኔም ተማሪ ብቻ ሳልሆን የማስተማሪያ ዘዴ ሆንኩ ብዬ አንገቴን ቀና አደረግኩ። ጉድ የሚመጣው እንግዲህ አንገት ቀና ሲል ነው።

ልምምዱን ከበረንዳ አውጥቼ መንገድ ላይ ይዤው ሄድኩ። ተሳፋሪውን ሁሉ ‹ዱ ዩ ጎ ዱራሜ?› እላለሁ። ዱራሜ በሚሄድ መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው ዱራሜ ትሄዳለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ጤና አይደለም፤ አንዳንዱ ታፔላውን ሊያይ ወርዶ ይመለሳል። አንድ ቀን ደግሞ ትራፊክ አስቆመኝ። እኔ ልክ በዚያ ሰዓት የእምቢታ ልምምዴን እያጠናሁ ነበር።

“መንጃ ፈቃድ” አለኝ።

‹አይ ዱ ኖት ሃቭ› አልኩት፤ አፌ ላይ የነበረችው እሷ ናት።

“የለህም?”

“አለኝ። እየተለማመድኩ ነው።”

“መንዳት?”

“እንግሊዝኛ።”

ፈቃዴን አይቶ መለሰልኝና ለምን እንደምማር ጠየቀኝ። ነገርኩት። ቆቡን አውልቆ “ያቅናልህ” አለኝ። እሱም ሴት ልጅ አለችው።

ቤት ውስጥ ደግሞ አማረች ላይ ነበር የምለማመደው። አንድ ማታ እግሬን ስታጠብ ‹ዱ ዩ ላይክ ሚ?› አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ‹አይ ዱ ኖት› አለችኝ። በረንዳው ላይ ስንማር ለካ በመስኮት ስትሰማ ኖራለች፤ ‹ዱ›ውም ‹ኖት›ም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። እኔ ስንት ቀን የለፋሁበትን እሷ ሽንኩርት እየላጠች ቻለችው። ተናድጄም ኮርቼም ፎጣ ተቀበልኳት።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ አስቴር የመጨረሻ ትምህርት አለ አለችኝ።

“ጋሼ፣ ‹ዶንት ዩ ኖው ሚ?› ቢልዎት ሰው፣ አታውቀኝም ወይ ማለቱ ነው። እርስዎም የማያውቁት ከሆነ ምን ይሉታል?”

“‹የስ›። አዎ፣ አላውቅህም።”

“እሱ በአማርኛ ነው። በእንግሊዝኛ ‹ኖ› ነው የሚባለው።”

“አላውቅህም ካልኩት እኮ እውነቱን ነው፤ ተስማምቼለት ሳለ እንዴት ኖ እለዋለሁ?”

“እንግሊዝ ጠያቂውን አይሰማም ጋሼ፤ ነገሩን ነው የሚያየው። ነገሩ ከሌለ ‹ኖ›፣ ካለ ‹የስ›። ተቃውሞ የለህም ወይ ቢሉዎትና ባይኖርዎት፣ መልሱ ‹ኖ› ነው።”

ሰውን እየተስማሙ ‹ኖ› ማለት። ይኼ ነገር በዕድሜዬ ከገጠሙኝ ጠማማ መንገዶች ሁሉ የበለጠ ጠማማ ነበር። ግን ጠማማ መንገድ ሥራዬ ነው። እየነዳሁ “ከሌለ ኖ፣ ካለ የስ፤ ከሌለ ኖ፣ ካለ የስ” እያልኩ መንገዳችን ላይ እስካለችው ከተማ እስከ አንጋጫ ደርሶ መልስ አጠናሁት። እየነዳሁ ጸሎት የያዝኩ መስሏቸው ተሳፋሪዎቼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉልኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንግዶቹ መጡ። ብራያን ራሱ ከዱራሜ እየነዳ አመጣቸውና ደንቡን ተነግሮት ስለነበር መኪና ውስጥ ቀረ። አባቱና አጎቱ ገቡ። አጎቱ ዝምተኛ ነው፤ አቶ ኦቲዬኖ ግን ነጭ ጢም ያላቸው፣ ክራቫታቸውን እስከ ጉሮሯቸው ያጠበቁ፣ ጡረታ የወጡ የእርሻ ባለሙያ ናቸው። ሲገቡ ኮፍያቸውን አውልቀው ለታላቅ ወንድሜ ለጋሽ ኤርጋኖ ዝቅ አሉላቸው። ጋሽ ኤርጋኖ ከገጠር የመጡት ሽማግሌ ሆነው ሊቀመጡ ነው፤ እንግሊዝኛ ባያውቁም ሰው ያውቃሉ። “ይኼ ሰው ተቀጥቶ ያደገ ነው” አሉኝ በሀዲይኛ። በኛ ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት የለም።

ሴቶቹ ጓዳ ናቸው፤ አማረች፣ ምህረትና አስቴር። አስቴር መጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ቢቸግረኝ ሳል እንድል፣ እሷም እንድትገባ ተስማምተናል። እኔ ግን ሳል ላለማለት ቆርጫለሁ።

ጸለይንና ጀመርኩ። ‹ዳዝ ሂ ፕሬይ?› ይጸልያል ወይ? ይጸልያል አሉኝ። ‹ዳዝ ሂ ድሪንክ?› ይጠጣል ወይ? አይጠጣም። ‹ዲድ ሂ ሜሪ ቢፎር?› ብዬ ሻንጣውን ረዳቱ ላይ ስጭን ከመጋረጃው ጀርባ አስቴር ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። አላገባም አሉኝ። ከዚያ ጋሽ ኤርጋኖ በጆሮዬ ዋናውን ጥያቄ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ‹ዳዝ ሂ ኢት ሮው ሚት?› አልኩ። ጥሬ ሥጋ ይበላል ወይ?

አቶ ኦቲዬኖ ወንድማቸውን አዩ። ወንድማቸውም አያቸው። ‹ሂ ዳዝ ኖት› አሉ ቀስ ብለው፣ የልጃቸውን ሕመም እንደሚናገር ሰው። እኔ ለጋሽ ኤርጋኖ ተረጎምኩላቸው።

“ይማራል” አሉ ጋሽ ኤርጋኖ ካሰቡ በኋላ፤ “አንተም እንግሊዝኛ ተምረህ የለ?”

እኔም እንደ ደንቡ ጥቂት እምቢ አልኩ። ልጄ ገና ናት፣ ኬንያ ሩቅ ነው፣ እናቷ ትናፍቃለች፤ ‹አይ ዱ ኖት ኖው ኬንያ› አልኩ። አቶ ኦቲዬኖ ትዕግሥተኛ ናቸው። ልጅቷ እንደ ልጃቸው እንደምትሆን፣ ልጁም እዚሁ እየሠራ እንደሚቆይ፣ ዓመት በዓል ሲሆን እንደሚመጡ ተናገሩ። ሲናገሩ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ያን ጊዜ ልቤ እሺ አለ። ጋሽ ኤርጋኖም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ከዚያ አቶ ኦቲዬኖ ወደፊት ጠጋ ብለው፣ በእንግሊዝኛ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጡ፣ ጠየቁኝ፤ “ስለዚህ፣ ተቃውሞ የለዎትም?”

እናንተዬ፣ ያጠናሁት ጥያቄ እኮ ነው የመጣው። ተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያጠናሁት ጥያቄ ፈተና ላይ መጥቶልኝ አያውቅም። ከሌለ ኖ፣ ካለ የስ። የለኝም።

‹ኖ› አልኩ፣ ፊቴ እስኪበራ ፈገግ ብዬ።

አቶ ኦቲዬኖ ወደኋላ አሉ። “እምቢ አይሉንም?” አሉ ደግመው።

‹ኖ፣ ኖ፣ ኖ› አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። ከመጋረጃው ጀርባ የጭብጨባ ድምፅ ተሰማ። አስቴር ናት፤ ተማሪዋ በትክክል መለሰላት።

አቶ ኦቲዬኖ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጠረጉ። “ስለ እውነተኛነትዎ አመሰግናለሁ” አሉኝ። የደስታ እንባ ነው ብዬ ተነሥቼ አቀፍኳቸው። እሳቸውም አቀፉኝ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉት፣ እንደ ሐዘንተኛ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። አማረች አታካናውን፣ ቡላው በቅቤና በአይብ ታሽቶ የሚሠራውን የደስታ ምግባችንን ይዛ ስትወጣ እንግዳ የለም። የገበታው ጨርቅ ብቻ ተዘርግቶ ቀረ።

“ሳይበሉ?” አለች።

“የኬንያ ደንብ ይሆናል” አልኳት። በሩ ላይ ቆሜም እጄን እያወዛወዝኩ ሸኘኋቸው። ብራያን በመስኮቱ ሲያየኝ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላስተዋልኩም።

ትንሽ ቆይቶ የምህረት ስልክ ጮኸ፤ ብራያን ነው። አንሥታ ሰማችና ወደኔ መጣች። ልጄ ስታለቅስ ከልጅነቷ ጀምሮ ድምፅ የላትም፤ አገጯ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

“አባዬ፣ ለምን?” አለችኝ።

“ለምን ምን?”

“ለምን ከለከልካቸው?”

እኔ አስቴርን አየሁ። አስቴርም እኔን አየች። “መልሱ ትክክል ነው” አለች፤ “ፈተና ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ ነው።” ሙሉ ነጥብ ያገኘ ሰው እንዲህ ሲያፍር ያየሁት በራሴ ነው።

ምህረት ለብራያን ነገሩን አስረዳችው። ብራያንም ለአባቱ ነገራቸው። አባቱ ግን ከአባትየው አፍ የሰማሁት ከአባትየው አፍ ካልተሻረ በልጆች ስልክ አይሻርም አሉ። ይኼም ተቀጥቶ ያደገ ሰው ንግግር ነው። ስልኩን ተቀበልኩ።

“‹ኖ› ብለውኝ ነበር?” አሉኝ አቶ ኦቲዬኖ።

አሁን ምን ልበል? ‹ኖ› ብያለሁ። ነገሩ አለ። ካለ ‹የስ› ነው።

‹የስ› አልኩ።

“ስለዚህ መልስዎ ኖ ነው።”

‹የስ› አልኩ፤ መልሴ በእርግጥ ኖ ነበርና። አስቴር ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ልቀጥል ስል ኔትወርኩ ሄደ። ከሆሳዕና ወጣ ሲባል ኔትወርክ አንዳንዴ የራሱ ጉዳይ አለው።

“ተነሡ” አልኩ። ሚኒባሷን አስነሣሁ። ጋሽ ኤርጋኖ ጋቢናቸውን ይዘው ከፊት፣ ምህረትና አስቴር ከኋላ። አማረች በሩን ዘግታ “ሳትሰጥ እንዳትመለስ” አለችኝ።

መንገድ ላይ የገጠመኝን ለመንገር አፍራለሁ፤ ግን ጀምሬአለሁ። ልጄ ከኋላ እያለቀሰች፣ አማቼ ከፊት እየራቁብኝ፣ መንገድ ዳር አንዲት እናት ቆጮ በኮባ ጠቅልላ እጇን አነሣች። እግሬ ቆመ። እግሬን አልወቅሰውም፤ እጅ ሲነሣ መቆም ሥራው ነው። እናትየዋም ከመቼው ገብታ፣ ቆጮዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ “ዱራሜ ገበያ” አለች። ውረጂ አይባል ነገር። ምህረትን አየችና “ይቺን ልጅ ምን አስለቀሳት?” አለች።

“እኔ” አልኩ ከፊት።

እናትየዋ ሌላ አልጠየቀችም። መቀነቷን ፈትታ የልጄን ፊት ጠረገች። ኋላ ግን አስቴር ነገሩን ሁሉ ነገረቻት፤ አንጋጫ እስክንደርስ ስለ ረዳት ግስ ከኔ የተሻለ ገብቷት ነበር።

አንጋጫ ስንገባ የብራያን መኪና አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቆማለች። ዘለን ገባን። አቶ ኦቲዬኖ፣ ወንድማቸውና ብራያን ዕንቁላል ፍርፍር ከበው ተቀምጠዋል። ልጅ በከለከለ ሰው ቤት መብላት ነውር ነው ብለው ተርበው ወጥተው ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከዕንቁላሉ ላይ መንቀል አቃተኝ። ያ ሁሉ ቅቤ ቤቴ ተቀምጦ፣ አማቼ መንገድ ዳር ፍርፍር ይብሉ?

አቶ ኦቲዬኖ ተነሥተው ቆሙ። አስቴር ልትናገር ስትል እጄን አነሣሁባት። ራሴ የዘጋሁትን ራሴ ልክፈተው። ግን ምን ልበል? ‹ኖ› ልበል ‹የስ›? ‹ዱ› ከፊት ይግባ ከኋላ? የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወረደ። በመጨረሻ የምህረትን እጅ ያዝኩና የአቶ ኦቲዬኖ መዳፍ ላይ አኖርኩት።

‹አይ ጊቭ› አልኩ። ‹ዩ ቴክ። ዊ ኢት።› እሰጣለሁ፤ ተቀበሉ፤ እንበላለን።

አቶ ኦቲዬኖ የልጄን እጅ ይዘው ቆዩ። “እና ለምን ‹ኖ› አሉኝ?” አሉ።

አሁን አስቴር ገባችና ጠማማውን መንገድ ሁሉ አስረዳቻቸው። እሳቸው ሲሰሙ ቆይተው ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዳግመኛ እንባ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነበር። ለካ በሳቸው አገር ሰው “አልበላህም?” ሲባል፣ ካልበላ “አዎ፣ አልበላሁም” ነው የሚለው። እንግሊዝኛ ሲናገሩም እንደዚያው ነው። ‹የስ› እንድላቸው እየጠበቁ ነበር።

“እኛም እኮ አዎ ነው የምንለው” አልኩ።

“ታዲያ?” አሉ።

“ተማርኩ” አልኩ።

አቶ ኦቲዬኖ አስቴርን ዞረው “ጥሩ ተማሪ ናቸው?” ብለው ጠየቋት። “በጣም ጎበዝ ናቸው” አለች፤ “ልጃቸውን ከመከልከላቸው በቀር አንድ ስህተት የለባቸውም።” ጋሽ ኤርጋኖ ይኼ ሁሉ በምን ቋንቋ እንደሆነ ሳይጠይቁ ተቀምጠው ፍርፍሩን መቅመስ ጀምረዋል።

ባለቆጮዋ እናት በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። “እና ሰጠሃት ወይስ ከለከልካት?” አለችኝ።

“ሰጠሁ።”

“እንዲህ በለኛ” አለችና እልልታዋን አቀለጠችው። የልጄን የመጀመሪያ እልልታ ያወጣችላት እንግዲህ ስሟን የማላውቀው ተሳፋሪዬ ናት። ምግብ ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ተቀበላት። እኔም መንገዷን ስላስተጓጎልኩባት ይቅርታ ስጠይቃት፣ “ዱራሜ የትም አትሄድ” ብላ ቆጮዋን አንሥታ ከኛ ጋር ወደ ሆሳዕና ተመለሰች። እንግዳ ባዶ እጁን አይመጣም በሚል ቆጮው ለአማረች ተሰጠ።

ቤት ስንደርስ አማረች በሩ ላይ ቆማ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ ምግቡን ልታሞቅ ገባች። ተበላ፣ ተጸለየ፣ ተመረቀ። አቶ ኦቲዬኖ አታካናውን በሉ፤ ሲጨርሱ ተጨመረላቸው፣ ያንን ሲጨርሱ ተጨመረላቸው። ብራያን ከውጭ ተጠርቶ ገብቶ በሩ አጠገብ፣ ያችን ጉልበቱን እንደ ልማዱ አጣጥፎ ተቀመጠ። ጋሽ ኤርጋኖ አንዴ አዩትና ወንበር ይቀየርለት አሉ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ሁላችንም አስፋልቱ ድረስ ሸኘናቸው።

ስመለስ ምህረት መጥረጊያ ይዛ ሚኒባሷ ውስጥ ከቆጮው የተራገፈውን የኮባ ቅጠል ትጠርጋለች። በሩ ላይ ተደግፌ አየኋት። ያን ሁሉ ቀን ለማላውቀው ሰው ጥያቄ ሳጠና ከርሜ፣ ለሷ አንድም አላዘጋጀሁም። በኛ ቤት ደግሞ አባት ሴት ልጁን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። በሀዲይኛ፣ እናቴ ባስተማረችኝ፣ ጠየቅኳት።

“ትወጂዋለሽ?”

መጥረጊያውን አቆመች። ወደኔ አላየችም።

“ሲስቅ አንተን ይመስላል” አለችኝ።

እኔም ጋቢና ውስጥ የረሳሁት ነገር እንዳለ ሰው ዞሬ ገባሁና፣ ከመሪው ሥር ጎንበስ ብዬ ለረጅም ጊዜ ስፈልግ ቆየሁ።